ኤሪቼ፦ ሲሲሊ ውስጥ ጉም የምትለብሰውን አምባ እንዴት እናያለን? ከቪዛ እስከ ማታዋ፣ ደረጃ በደረጃ

አምባ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከተማን ተራራ አናት ላይ ሰቅሎ፣ በሩን ቆልፎ፣ የሚመጣውን ከላይ ማየት። መቅደላን የሰማ፣ አንኮበር የወጣ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ጣሊያን ውስጥም እንዲህ ያሉ ከተሞች ሞልተዋል። ከሁሉም ልቤን የወሰደችው ግን ኤሪቼ ናት። በሲሲሊ ደሴት ምዕራብ ጫፍ፣ ከትራፓኒ ከተማ በላይ 750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ለአዲስ አበባ ሰው 750 ሜትር ቆላ ነው። እዚህ ግን ተራራው የሚነሳው በቀጥታ ከባሕሩ ዳር ነው። ቁልቁል ስታዩ ሆድ ባዶ ያደርጋል።

መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ተሳሳትኩ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ወጣሁ፣ ጉም ሁሉን ሸፈነው፣ የራሴን ጫማ እንኳ በግድ ነው ያየሁት። ስምንት ሰዓት ላይ ተናድጄ ወረድኩ። ማታ ትራፓኒ ወደብ ላይ ተቀምጬ ቀና ብል፣ አምባው ጥርት ብሎ መብራቱ ይታያል። ሁለተኛ ስሄድ አደርኩ። ይህን መመሪያ የምጽፈውም ለዚያ ነው። ኤሪቼ የሦስት ሰዓት ከተማ አይደለችም። እደሩባት።

አንደኛ፦ ወረቀቱ

ይህን ቶሎ እንለፈው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። የአዋቂ ክፍያው ከ2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ነው። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና ኢንሹራንስም ይጠየቃል። ዱባይ ወይም ሪያድ በመኖሪያ ፈቃድ የምትኖሩ እዚያው ባላችሁበት አገር ታመለክታላችሁ፤ አዲስ አበባ መመለስ አያስፈልግም። ጀርመን ወይም ስዊድን መኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ በዚያው ፈቃድ እስከ ሦስት ወር መግባት ትችላላችሁ። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አይጠየቅም።

ከአዲስ አበባ ቀጥታ ሮም ወይም ሚላኖ መብረር ይቻላል። ከዚያ የአገር ውስጥ በረራ ወደ ፓሌርሞ፣ ወይም ከተገኘ ወደ ትራፓኒ። የትራፓኒ አውሮፕላን ማረፊያ ቢርጂ በሚባል ቦታ፣ ከከተማው ወደ ደቡብ ነው። የፓሌርሞው ደግሞ ከፓሌርሞ ከተማ ወደ ምዕራብ ወጣ ብሎ ስለሚገኝ መንገዱን ያሳጥርላችኋል። ከፓሌርሞ ወደ ትራፓኒ አውቶቡስ ያዙ። ሁለት ሰዓት ገደማ ነው።

ሁለተኛ፦ መቼ?

ጥሩው ጊዜ ሚያዝያና ግንቦት፣ ወይም መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ነው። የእነሱ ክረምት ቀዝቃዛና ዝናባማ ነው፤ ብዙ ሱቅም ይዘጋል።

ነሐሴን ግን ፍሩት። በተለይ ነሐሴ 9። በእነሱ አቆጣጠር ኦገስት 15 መሆኑ ነው። ፌራጎስቶ ይሉታል። የካቶሊኮች የማርያም ዕርገት በዓል ነው፤ እኛ ገና ፍልሰታን እየጾምን ነው፣ እነሱ በዓሉን ያከብራሉ። ጣሊያን ሁሉ ሥራ ዘግቶ ወደ ባሕርና ወደ ተራራ ይወጣል። የኤሪቼ መንገዶች ያን ቀን የመርካቶ ቅዳሜ ይመስላሉ።

የስቅለት ሰሞን የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ትራፓኒ ውስጥ አንድ ነገር አያምልጣችሁ። በእነሱ ዓርብ ስቅለት ከሰዓት በኋላ 20 የሕማማት ቅርጾች በሰው ትከሻ ይወጣሉ። ሌሊቱን ሙሉ ከተማውን ዞረው ቅዳሜ ይመለሳሉ። ተሸካሚዎቹ በሙዚቃው ምት ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዙ ነው የሚሄዱት። ታቦት ሲነግሥ ያየ ሰው እዚያ መሀል እንግድነት አይሰማውም። ቀኑ ከእኛ ስቅለት ጋር ብዙ ዓመት ስለማይገጥም አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ሦስተኛ፦ ሻንጣ ውስጥ ምን ይግባ?

ጫማ። ከሁሉ በፊት ጫማ። የኤሪቼ መንገድ ከዳር እስከ ዳር ኮብልስቶን ነው። የእኛ ሰፈር ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ለስላሳ ረጃጅም ድንጋዮች እንደ መስኮት ፍሬም ተዘርግተው፣ መሀላቸው በትናንሽ ድንጋይ ተሞልቷል። ዘመናት ያለፈበት ጫማ ሁሉ ስለሞረደው ያበራል። ጉም ሲነካው ሳሙና ይሆናል። ተረከዝ ያለው ጫማ፣ ሶሉ ያለቀ ስኒከር፣ ነጠላ ጫማ፦ ሦስቱንም ሆቴል ተዉት።

ሁለተኛው ነገር ጃኬት ነው። ትራፓኒ ላይ በላብ እየተጠመቃችሁ፣ ላይ ስትወጡ ንፋሱ ያንቀጠቅጣችኋል። ከታች ወደ ላይ ቢያንስ አራት አምስት ዲግሪ ይቀንሳል። ጉም ሲጨመርበት ከዚያም ይብሳል።

የጉሙ ምክንያት ቀላል ነው። ከባሕር የሚነፍሰው እርጥብ አየር ተራራው ላይ ሲደርስ ማለፊያ ያጣል። ወደ ላይ ይገፋል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ጉም ይሆናል። ለዚህ ነው ታች ፀሐይ እየበራ አናቱ ብቻ ነጭ ቆብ የሚያደርገው። የአገሬው ሰው «የቬነስ መሳም» ይለዋል። ቬነስ ማን እንደሆነች ወደ ግንቡ ስንደርስ እናወራለን።

አራተኛ፦ አወጣጡ

ሦስት መንገድ አለ። የሚመረጠው ኬብል ካር ነው፤ እነሱ «ፉኒቪያ» ይሉታል። የታችኛው ጣቢያ ከወደቡ ሰፈር ራቅ ስለሚል በከተማ አውቶቡስ ሂዱ። ጉዞው አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ስትወጡ ፊታችሁን ሳይሆን ጀርባችሁን ወደ ተራራው አድርጋችሁ ተቀመጡ። ትራፓኒ እንደ ማጭድ ወደ ባሕሩ ተዘርግታ ትታያለች። ከእሷ ወደ ግራ ደግሞ በካሬ በካሬ የተከፋፈለ ሮዝና ነጭ ውሃ አለ። የጨው እርሻው ነው። አፋር ላይ ጨው እንደ ድንጋይ ተፈልጦ አሞሌ ይሆናል። እዚህ የባሕሩን ውሃ ወደ ጥልቀት የሌለው ገንዳ ያስገቡና ፀሐይና ንፋስ እንዲያደርቀው ይተዉታል። የተከመረውን ጨው ከዝናብ የሚከልሉት በጣሪያ ሸክላ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኬብል ካሩ ንፋስ ሲበረታ ይቆማል። ሰኞ ጠዋትም ለጥገና የሚዘጋበት ልማድ አለው፤ በእነሱ ክረምት ደግሞ ለሳምንታት ሊዘጋ ይችላል። ከሆቴል ሳትወጡ ዕለቱን መሥራት አለመሥራቱን ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ሄጄ የተዘጋ በር አይቼ ተመልሻለሁ። ያኔ ያዳነኝ ሁለተኛው መንገድ ነው፣ ከትራፓኒ የሚነሳው አውቶቡስ። ተራራውን እየተጠማዘዘ ስለሚወጣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል። መኪና የሚያስመልሳችሁ ከሆነ ከፊት ተቀመጡ።

ሦስተኛው የኪራይ መኪና ነው። እሱም ቢሆን ከተማው በር ድረስ ብቻ ነው። መሬቱ ላይ ሰማያዊ መስመር ካለ የሚከፈልበት ማቆሚያ ነው፣ ነጭ ከሆነ ነፃ፣ ቢጫ ከሆነ የእናንተ አይደለም። በበሩ ሾልኬ ልግባ ማለት ቅጣቱ አገር ቤት ድረስ ይከተላችኋል።

አምስተኛ፦ የእግር ጉዞው

ኤሪቼን በካርታ ብታዩ ሦስት ማዕዘን ናት። ይህን ካወቃችሁ አትጠፉም። አንዱ ማዕዘን የምትገቡበት ፖርታ ትራፓኒ ነው። ሁለተኛው ግንቡ ያለበት ገደል ነው። ሦስተኛው በሰሜን በኩል ያለው ፖርታ ስፓዳ። ሦስቱን እንዞራለን።

በበሩ እንደገባችሁ አብዛኛው ሰው ቀጥ ብሎ ዋናውን ጎዳና ይዞ ይወጣል። እናንተ መጀመሪያ ወደ ግራ። ካቴድራሉ እዚያ ነው። ሥራው በ1314 እ.ኤ.አ. የተጀመረው በሲሲሊው ንጉሥ በፌዴሪኮ ሦስተኛ ዘመን ነው። ድንጋዩ ከፈረሰው የቬነስ መቅደስ የመጣ ነው ይባላል። የደወሉ ማማ ከቤተ ክርስቲያኑ ተነጥሎ ለብቻው ቆሟል፣ በፊት የጠባቂ ማማ ስለነበረ ነው። ጠመዝማዛውን ደረጃ ውጡት፣ ጠባብ ነው፣ ከላይ የሚመጣ ሰው ካለ ጥግ ይዛችሁ አሳልፉ። ትኬት ስትቆርጡ ለብዙ አብያተ ክርስቲያናት በአንድ የሚያገለግለውን ጥምር ትኬት ጠይቁ። ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ ነጠላ ከያዛችሁ ነገሩ አለቀ።

ከዚያ ወደ ጎዳናው ተመለሱ፤ ስሙ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ነው። ዳገት ነው። በሁለቱም በኩል የሴራሚክና የምንጣፍ ሱቅ ተደርድሯል። አሥር እርምጃ በሄዳችሁ ቁጥር ግራና ቀኝ ወደሚገባው ቅያስ ግቡ። አንዳንዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ግድግዳው ደረቅ ነው፣ መስኮት የለውም፣ የሚኮሳተር ቤት ነው። በሩ በአጋጣሚ ከተከፈተ ግን ውስጡ ግቢ አለ፦ የአበባ ማሰሮ፣ የውሃ ጉድጓድ፣ የተሰጣ ልብስ፣ የተኛ ድመት። ኤሪቼ ውበቷን የምታስቀምጠው ለቤተሰብ ነው። ከበሩ ቆማችሁ እዩ እንጂ አትግቡ። የሰው ቤት ነው።

ጎዳናው የሚያደርሳችሁ ፒያሳ ኡምቤርቶ ነው። ፒያሳ ስትሉ የማን ቃል እንደሆነ እዚህ ይገባችኋል። ወደ ምሥራቅ ቀጥሉ፤ የባሊዮ መናፈሻ ጋ ትደርሳላችሁ። ዛፉ ጥላ አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ውሃ ጠጡና እረፉ። ዝቅ ብሎ ገደሉ ላይ የተንጠለጠለችው ትንሽ ግንብ ብዙ ጊዜ ፎቶ ላይ የምትወጣው ናት። የመካከለኛው ዘመን ትመስላለች እንጂ አይደለችም። አጎስቲኖ ፔፖሊ የሚባል መኳንንት በ19ኛው መቶ ዘመን ያሠራት ናት።

ስድስተኛ፦ የቬነስ ግንብ

እዚህ ጊዜ ውሰዱ።

አሁን የምታዩት ግንብ በመካከለኛው ዘመን ከሰሜን ፈረንሳይ መጥተው ሲሲሊን የያዙት ኖርማኖች የሠሩት ነው። ውስጡ ብዙ የለም። የፈረሰ ግድግዳ፣ ጉድጓድ፣ ሣር። «ለዚህ ነው ትኬት የከፈልኩት?» የሚል ሰው ሰምቻለሁ። የቆማችሁበትን ካላወቃችሁ እውነቱን ነው።

ኖርማኖች ከመምጣታቸው ከሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ ይህ ዐለት መቅደስ ነበር። ኤሊሚ የሚባሉት የጥንት ነዋሪዎች የሴት አምላክ ያመልኩበት ነበር። ፊንቄዎች ሲመጡ አስታርቴ አሏት፣ ግሪኮች አፍሮዳይት፣ ሮማውያን ቬነስ። ስሟ ተቀያየረ እንጂ ቦታዋን አልለቀቀችም። መርከበኞች ከሩቅ የሚያዩት ይህንን ተራራ ስለነበር ስለት የሚያገቡት ለእሷ ነበር። ሮማውያን በ217 ከክርስቶስ ልደት በፊት በካርታጎው የጦር መሪ በሃኒባል ክፉኛ ሲመቱ የዚህችኑ የኤሪቼዋን ቬነስ መቅደስ በሮም ካፒቶሊኖ ኮረብታ ላይ ለመሥራት ተሳሉ።

የጥንት ጸሐፊዎች የእርግቦቿንም ነገር ተርከዋል። በዓመት አንድ ጊዜ አምላኳ ወደ አፍሪካ ትሄዳለች ተብሎ ይታመን ነበር፤ የመቅደሱ እርግቦችም ተከትለዋት ይጠፋሉ። በዘጠነኛው ቀን አንዷ ቀድማ ከባሕሩ በኩል ስትመጣ ሌሎቹ ይከተላሉ፣ በዓልም ይሆናል።

ወደ ምዕራብ አሻግራችሁ ተመልከቱ። ቀኑ ጥርት ካለ ሦስት ደሴቶች ይታያሉ፦ ፋቪኛና፣ ሌቫንዞ፣ ማሬቲሞ። በ241 ከክርስቶስ ልደት በፊት የሮም መርከቦች የካርታጎን፣ የዛሬዋ ቱኒዚያ ላይ የነበረችውን ጥንታዊ ከተማ፣ ባሕር ኃይል የሰበሩት እዚያ ነው። በሁለቱ መካከል የነበረው የመጀመሪያው የፑኒክ ጦርነት በዚያው አበቃ። የሃኒባል አባት ሃሚልካር ያን ጊዜ የኤሪቼን ከተማ ይዞ ነበር። አናቱ ላይ ሮማውያን፣ እግሩ ሥር ሮማውያን፣ እሱ መሀል። ከመርከቦቹ አፍንጫ ላይ የነበሩት የነሐስ መምቻዎች ከባሕሩ ወለል እየተለቀሙ ፋቪኛና ላይ ለእይታ ቀርበዋል። ትርፍ ቀን ካላችሁ በጀልባ ተሻገሩ።

ስለ ከተማዋ ስምም አንድ ነገር ልጨምር። ዐረቦች ጀበል ሐሚድ አሏት። ኖርማኑ ሩጀሮ በ11ኛው መቶ ዘመን ከበባ ላይ ሳለ ቅዱስ ጁሊያኖ ውሾቹን አስከትሎ ታየው ይባላል፣ ከዚያ ወዲህ ሞንቴ ሳን ጁሊያኖ ሆነች። ኤሪቼ የሚለው የጥንት ስሟ የተመለሰላት በ1934 ነው።

ሰባተኛ፦ በቅጥሩ በኩል መመለስ

ከግንቡ በመጡበት መመለስ ሞኝነት ነው። ወደ ሰሜን ፖርታ ስፓዳ ሂዱ። ስፓዳ ሰይፍ ማለት ነው። አጠገቡ «የስፓኝ ሰፈር» የሚባል ሳያልቅ የቀረ የወታደር ሰፈር አለ። ፀሐይ ስትጠልቅ መሆን ያለባችሁ እዚያ ነው። ከዚያ የከተማውን ጥንታዊ ቅጥር ተከትላችሁ ወደ መጀመሪያው በር ትወርዳላችሁ። ከታች ያሉት ድንጋዮች ትልልቅ ናቸው፣ ፊንቄዎች ፊደል የቀረጹባቸውም አሉ። ከላያቸው የኋለኛው ዘመን ግንብ ተደርቧል። በዚህ በኩል ሰው አይበዛም። ምክንያቱ አይገባኝም።

ስምንተኛ፦ ሆድ

ከኬክ እንጀምር። ኤሪቼ የምትታወቀው በጄኖቬዜ ነው። ክብ፣ የጡጦ ቆብ የሚመስል፣ ፍርክስክስ የሚል ሊጥ ነው፤ ውስጡ ትኩስ ክሬም፣ ላዩ ዱቄት ስኳር። ትኩሱን ብቻ ግዙ። ስትነክሱት ክሬሙ ምላስ ያቃጥላል፣ ስኳሩ አፍንጫ ላይ ይቀመጣል። ስትበሉ አትተንፍሱ፣ ጥቁር ጃኬት ከለበሳችሁ ደግሞ ጎንበስ በሉ። ዋናው ጎዳና ላይ ያለው የማሪያ ግራማቲኮ ኬክ ቤት ስሙ የገነነ ነው። እሷ ሙያውን የተማረችው በልጅነቷ እዚያው ኤሪቼ ሳን ካርሎ ገዳም ውስጥ፣ ከመነኮሳቱ ጋር እየሠራች ነው።

ጾም ከሆነስ? ጄኖቬዜ ወተትና እንቁላል አለበት፣ ካኖሊም የእኛን አይብ በሚመስል ሪኮታ የተሞላ ነው። ከአልሞንድና ከስኳር የሚሠራው፣ ፍራፍሬ አስመስለው የሚቀቡት ማርቶራና ግን ለጾመኛ ጥሩ ነው፤ ለማንኛውም እንቁላል እንደሌለበት ጠይቁ። የሎሚ ግራኒታም አለ። ምሳ ላይ ደግሞ የትራፓኒ ሰው የሚኮራበት ፓስታ አለ፣ ቡዝያቴ። የተጠማዘዘ ፓስታ ነው። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አልሞንድ፣ የወይራ ዘይትና በሶብላን የሚያስታውስ ባዚሊኮ አብረው ተወቅጠው ይለወሱበታል። «ሴንዛ ፎርማጆ» በሉ። ያለ ፎርማጆ ማለት ነው፤ እናንተም ቃሉን ታውቁታላችሁ። የማይጾም ደግሞ በዓሣ መረቅ የሚበላውን ኩስኩስ ይዘዝ። ከሰሜን አፍሪካ ተሻግሮ የቀረ ምግብ ነው።

ቋንቋ አይጨንቃችሁ። ቦርሳ፣ ጎማ፣ ፖስታ፣ ፉርኖ፣ ካልሲ፦ ግማሹን ጣሊያንኛ ሳናውቀው ስንናገር ኖረናል። መጸዳጃ ስትፈልጉ «ባኞ» በሉ። እኛ ቃሉን ለገንዳው ብቻ አስቀረነው እንጂ እነሱ ክፍሉን በሙሉ ነው የሚሉት። ማኪያቶ ላይ ግን ተጠንቀቁ። የለመዳችሁት ብርጭቆ አይመጣም። ሁለት ጉንጭ የምትሆን ጥቁር ቡና፣ የወተት አረፋ ጠብ ተደርጎባት በትንሽ ስኒ ትመጣለች። የአዲስ አበባውን የሚያስታውስ ከፈለጋችሁ ካፑቺኖ እዘዙ። ቆማችሁ ብትጠጡ ብዙ ቦታ ይረክሳል። ምግብ ቤት ስትቀመጡ ሒሳቡ ላይ «ኮፔርቶ» የሚል ነገር ካያችሁ አትጣሉ፣ የመቀመጫና የዳቦ ነው።

ዘጠነኛ፦ ማደር

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የመጨረሻው ኬብል ካር ሲወርድ ጎብኚው አብሮ ይወርዳል። የኤሪቼ ማዘጋጃ ቤት ሰው እንኳ አብዛኛው የሚኖረው ታች፣ ትራፓኒ ጥግ ካሳ ሳንታ ነው። ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው። ስለዚህ አነስ ያለ ሆቴል ወይም የእንግዳ ቤት በቅጥሩ ውስጥ ያዙ፤ ከቅጥሩ ውጭ ከሆነ ጥቅም የለውም። ሻንጣ ታች ትራፓኒ ተዉና የአንድ ሌሊት ቦርሳ ብቻ ይዛችሁ ውጡ። በዚያ ድንጋይ ላይ የሻንጣ ጎማ ጎረቤት ሁሉ ይቀሰቅሳል።

እራት በልታችሁ ውጡ። ጉሙ ከገደሉ በኩል ይመጣል። መጀመሪያ የመንገዱን ጫፍ ያጠፋዋል፣ ከዚያ የደወሉን ማማ፣ ከዚያ አጠገባችሁ ያለውን መብራት ክብ ብርቱካን ያደርገዋል። ድንጋዩ ይረጥባል። ከራሳችሁ እርምጃ በቀር ድምፅ የለም። እኔ አንዲት አሮጊት ከፊቴ ሲመጡ የሰማሁት ከዘራቸውን ነው፤ ሴትዮዋን ያየኋቸው ሦስት እርምጃ ሲቀረን ነበር። «ቦናሴራ» ብለው አለፉኝ፣ ጉሙ ተመልሶ ዋጣቸው። በቀን ጊዜ ያማረርኩት ያው ጉም ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ። ጉሙ ተነስቶ ከሆነ ደሴቶቹ ሦስቱም ተሰልፈው ይጠብቋችኋል፣ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው፣ ከተማው የእናንተ ነው። ካልተነሳም ቡና ጠጥታችሁ ጠብቁት። ቸኩላችሁ አትውረዱ።

ስትወርዱ ለሰው ጄኖቬዜ አትግዙ። ሲቀዘቅዝ ሌላ ነገር ይሆናል። ሙስታቾሊ የሚባለውን ደረቅ ብስኩት ውሰዱ። ጥርስ የሚፈትን ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ሳምንት ቢቆይ ግን ምንም አይሆንም። ለሚቀበላችሁ ሰው ቡና ውስጥ እየነከረ እንዲበላው ንገሩት።